የጐረቤት ጥራጊ

ቤቱን ጠርጎ ጥራጊውን በጐረቤቱ ደጅ የሚደፋ ሰው ንጹሕ አይባልም። አገርም እንዲሁ ነው።

በ1980 ዓ.ም. ከኢጣልያ የመጡ፥ መርዝ ያዘሉ በሺሕ የሚቈጠሩ በርሜሎች ኮኮ በተባለችው የናይጄሪያ ወደብ በአንድ ሰው ግቢ ተከማችተው ተገኙ። ለባለግቢው የተከፈለው ኪራይ በወር 100 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር። ናይጄሪያም በዚያው ክረምት ጭነቱን ወደ መጣበት አስመለሰች። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ፥ የኑክሌርና የኢንዱስትሪ ዝቃጭ በአፍሪካ መጣል በአኅጉሪቱና በሕዝቧ ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን አስታወቀ። በጥር 1983 ዓ.ም. በባማኮ የጸደቀውም ስምምነት አደገኛ ቆሻሻ ከውጭ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ከለከለ፤ ኢትዮጵያም ተቀበለችው።

ነገር ግን ሕግ ብቻውን በር አይጠብቅም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በኮትዲቯር ከተማ በአቢጃን ከመርከብ የተራገፈ መርዝ በየስፍራው ተደፍቶ ሰዎች ሞቱ።

ከባሕር ለራቀው ለጊዳ አያና ገበሬ ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ ይመስለው ይሆናል። ሆኖም የኮኮው ባለግቢም ከወደቡ አጠገብ እየኖረ በርሜሎቹ የያዙትን አላወቀም ነበር። እንግዲህ መምህሩ ለተማሪው፥ ሹሙም ለገበሬው አስቀድሞ ሊያስተምረው የሚገባው ጥያቄ «በውስጡ ምን አለ?» የሚለው ነው።