ለእኔ የደረሰኝ ጢሙ ነው

ሰሞኑን የሰፈራችን ወጣቶች በሬን አንኳኩ። የትምህርት ቤቱን አጥር በሥዕል ሊያስጌጡ ነው፤ ለሕፃናቱ የውዝዋዜ ትርኢትም አጋዥ ይፈልጋሉ። «በበጎ ፈቃድ ነው፣ ጋሼ» አሉኝ። ሳቄ መጣ።

ይህን ሥራ በ1976 ዓ.ም. ክረምት፣ ገና ልጅ ሳለሁ ሠርቼዋለሁ። ያኔም «በፈቃደኝነት» ነበር፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ፈቃደኞችን የመዘገበው ቤት ለቤት እየዞረ ነው እንጂ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት መስከረም 2 ቀን 1977 ሊከበር፣ በዚያው ሰሞንም ኢሠፓ ሊመሠረት ከተማው ቀይ ለበሰ። አብዮት አደባባይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል ቆመ። የእኛም ቀበሌ ሌኒን አማረው። ግድግዳውን በገመድና በከሰል ከፋፍለን ተካፈልነው፤ ለእኔ የደረሰኝ ጢሙ ነው። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር።

ማታ ማታ ደግሞ አዳራሽ ውስጥ የኪነት ቡድኑን ልብስ አቀብላለሁ። ከሁሉ የሚጨበጨብለት የወሎው ጭፈራ ነው። ልብሱን የሚሰፉልን እናት የወሎ ሰው ነበሩ፤ ጓዳቸው ውስጥ ረሃብ ያፈናቀላቸው ዘመዶቻቸው ተኝተዋል። ጮክ ብሎ የሚያወራው ግን አልነበረም። ዓለም የቆረምን ሕዝብ በቢቢሲ ያየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ነው፤ እኛ ከበዓሉ በፊት እናውቅ ነበር። አንድ ማታ መቀነት እየቋጠሩ፣ «ልጄ፣ አሁን አገሬ እንዲህ እየተጨፈረ ነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ።

ሌኒን በ1983 ዓ.ም. በኖራ ተሸፈነ።

ወጣቶቹን ቅዳሜ እመጣለሁ ብያቸዋለሁ። ስሜን እንኳ አልጻፉም።