ሁክ፦ ቆልማማ ቡጢ ከነመከላከያው

ሁክ በቡጢ ስፖርት ውስጥ ክርን ታጥፎ ከጎን በኩል ዞሮ የሚመጣ ምት ነው። የሚያርፈው መንጋጋ፣ ጆሮ ግንድ ወይም የጎድን አጥንት ላይ ነው። ክንዱ አድራሽ ብቻ ነው፤ ጉልበቱ የሚነሣው መሬት ከረገጠው እግር ሲሆን ዳሌና ወገብ ሲዞሩ ተቀብለው ለትከሻ ያስረክቡታል። እዚህ ለቃሉ የቀረበው አማርኛ «ቆልማማ ቡጢ» ነው።

አማርኛ የጠብ ቃል አያጣም። ጥፊ፣ ጡጫ፣ ቡጢ፣ ኩርኩም፣ እርግጫ አለው፤ ቴስታንና ካልቾንም ከጣሊያንኛ ወስዶ የሰፈር ልጅ አፍ ውስጥ አስገብቷል። እነዚህ ቃላት ግን የሚነግሩን በምን እንደተመታን ነው፦ በመዳፍ፣ በጭብጥ፣ በግንባር፣ በእግር። ምቱ በየት በኩል እንደመጣ አይነግሩንም። መከላከል ለሚማር ሰው ደግሞ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው። ቀጥ ብሎ የመጣውም ዞሮ የመጣውም ቡጢ ይባላል፤ መከላከያቸው ግን የተለያየ ነው፤ ለአንደኛው የሚበጀው ለሁለተኛው መዘዝ ይሆናል።

«መንጠቆ ቡጢ» የሚለው የእንግሊዝኛውን ቃል እንዳለ መገልበጥ ነው፤ ሰሚው መንጠቅን ያስባል፣ ሁክ ግን ምንም አይነጥቅም። «የጎን ቡጢ» የተሻለ ቢመስልም ከጎን የመጣ ነው ወይስ ጎን ላይ ያረፈ የሚል ጥያቄ ይጎትታል፤ ሁክ ደግሞ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። «ቆልማማ» የክንዱን ቅርጽ ይናገራል፤ ግሱም ለአሠልጣኝ ትእዛዝ ይመቻል፦ «አትዘርጋው፣ ቆልምመው!» የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ በሆነችው አሶሳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ቢሆንም፣ አሠልጣኙ ፊት የተሰለፉት ልጆች ቤታቸው የሚያወሩት የበርታን፣ የጉሙዝን፣ የሺናሻን፣ የማኦን ወይም የኮሞን ቋንቋ፣ አለበለዚያም ኦሮምኛ ሊሆን ይችላል። ክንዱን አጥፎ እያሳየ ቃሉን ቢጠራ፣ አማርኛው ያልጠናለት ልጅም ቅርጹን አይቶ ይይዘዋል።

በአሶሳም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ማርሻል አርት ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ቴኳንዶን ነው። ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በ58 ኪሎ ግራም ምድብ ኢትዮጵያን የወከለው በዚሁ ስፖርት ነው። በኦሎምፒኩ ሕግ ግን ጭንቅላትን በጭብጥ መምታት ክልክል ነው። ቡጢ የሚፈቀደው ደረት ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ቀጥ ያለ፣ ያውም ለ1 ነጥብ። ጭንቅላት ላይ ያረፈ እርግጫ ግን ከ3 ነጥብ ጀምሮ ያስገኛል። ስለዚህ ቀበቶው የጠቆረ ልጅ እንኳ እጁን ዝቅ አድርጎ መቆም ሊለምድ ይችላል፤ ጆሮ ግንዱን ከጡጫ የሚጠብቅለት ሕጉ ነዋ። ይህን የቴኳንዶ ጉድለት የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልልም፤ ጨዋታው የተሠራው ለእግር ነው። አይቲኤፍ የሚባለው የቴኳንዶ ወገን ደግሞ ጭንቅላት ላይ ቡጢ ስለሚፈቅድ ተማሪዎቹ ለቆልማማ ያን ያህል ባዳ አይደሉም።

ቆልማማን አስፈሪ አድርጎ በዓለም ፊት ካቆሙት ሰዎች ቀዳሚው አሜሪካዊው ቡጢኛ ጆ ፍሬዚየር ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 1971 ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ፣ በ15ኛው ዙር መሐመድ ዓሊን በግራ ቆልማማ ዘረረው። ዓሊ ተነሥቶ ግጥሚያውን ቢጨርስም በነጥብ ተሸነፈ፤ በፕሮፌሽናል ሕይወቱ የመጀመሪያው ሽንፈት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ለንደን ላይ እንግሊዛዊው ቡጢኛ ሄንሪ ኩፐርም ዓሊን በግራ ቆልማማ ጥሎት ያውቃል። ፍሬዚየር ልጅ ሳለ አሳማ አባርሮት ወድቆ የግራ ክንዱ እንደተጎዳና በወጉ ስላልታከመ ከዚያ ወዲህ ሙሉ በሙሉ እንዳልተዘረጋለት ራሱ ተናግሯል። ቆልማማ ክንድ ለቆልማማ ቡጢ!

ይህ ምት ለምን እንዲህ ይጥላል? አንደኛው ምክንያት ዓይን ነው። ቀጥታ ቡጢ ፊት ለፊት ይታያል፤ ቆልማማው የሚመጣው ከእይታ ዳር ነው፣ ያላዩት ምት ደግሞ አንገትን አያዘጋጅም። ሁለተኛው የራስ መዞር ነው። መንጋጋ ከጎን ሲመታ ጭንቅላት በድንገት ይዞራል፤ አንጎል ከራስ ቅሉ እኩል ስለማይዞር ሰውየው ራሱን ይስታል። በቀኝ ጎድን ሥር ካረፈ ደግሞ የሚያገኘው ጉበትን ነው፤ ተመቺው ሁሉን እየሰማና እያየ ጉልበቱ ይከዳዋል።

ሊመታ የሚመጣ ሰው ሲያይ ማንም ወደ ኋላ ይላል። ለቆልማማ ከዚህ የከፋ መልስ የለም። ነፋስ የወረወረው በር በእጀታው በኩል የቆመውን ሰው ይመታል፤ ማጠፊያው ጥግ ያለውን ግን ነካ አድርጎት ያልፋል። የክንድ ማጠፊያው ትከሻ ነው፤ ከትከሻ በተራቀ ቁጥር ፍጥነት ይጨምራል። ወደ ኋላ ያለ ሰው መንጋጋውን የሚያቀርበው ጭብጡ ከሁሉ ይበልጥ በሚፈጥንበት ቦታ ነው። ወደ ውስጥ የገባ ሰው ግን ጭብጡን ከማጅራቱ ኋላ ያሳልፈዋል፤ የሚነካው የላይኛው ክንድ ነው፣ እሱም ቢያም አይዘርርም።

እዚህ ላይ ብዙ የራስ መከላከያ ትምህርት የሚያድበሰብሰው ልዩነት አለ። ያልሠለጠነ ሰው በንዴት የሚወረውረው ቡጢ ሰፊ ነው፤ ክንዱ ሊዘረጋ ትንሽ ይቀረዋል፣ ትከሻው ቀድሞ ወደ ኋላ ስለሚሄድም ያሳብቃል። ለዚህ አንድ ፈጣን እርምጃ ወደ ፊት ይበቃል። የሠለጠነ ቡጢኛ ቆልማማ ግን አጭር ነው። ክርኑ እንደ ማዕዘን ታጥፎ ከሰውነቱ ሳይርቅ ነው የሚዞረው፤ ራሱም የቅርብ ርቀት ምት ነው። ለእሱ ግማሽ እርምጃ የገባ ሰው በገዛ እግሩ ቡጢው ደጃፍ ላይ ቆመ ማለት ነው። ከክርኑ አልፎ ትከሻው የተጋጣሚው ደረት ላይ እስኪያርፍ መግባት አለበት፤ አለዚያ ባይጀምረው ይሻለዋል።

እግር ሲገባ እጅ ሁለት ሥራ አለው። ምቱ በሚመጣበት በኩል ያለው እጅ መዳፉ ከጆሮ ኋላ ይለጠፋል፣ ክርኑ ወደ ፊት ይቀስራል፣ አገጭም ወደ ደረት ይወርዳል። «ይለጠፋል» የሚለው ይሠመርበት። ከጭንቅላት ርቆ የቆመ እጅ ሲመታ ተመልሶ የባለቤቱን ጆሮ ግንድ ይመታል። ሌላው እጅ ቀጥ ብሎ የተጋጣሚውን ትከሻ ወይም ደረት ይገፋል፤ ትከሻው ካልዞረ ቡጢው ከየት ይመጣል? ቀጥታው መንገድ ከዙሩ ስለሚያጥር፣ ዘግይቶ የተነሣ እጅም ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።

ይህን ሐሳብ ሥርዓት አድርገው ካስተማሩት የቅርብ ርቀት ስልቶች የታወቀው የደቡብ ቻይናው ዊንግ ቹን ነው። ፎሻን የተወለደው ዪፕ ማን ሆንግ ኮንግ ላይ አስተማረው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከተማሪዎቹ አንዱ ወጣቱ ብሩስ ሊ ነበር። በዊንግ ቹን መመከትና መምታት ተራ አይጠብቁም፤ አንዱ እጅ ሲመክት ሌላው በዚያው ቅጽበት በመሃል መስመር ይገባል። ለቆልማማ ሲያስተምሩ ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት «ታን ሳው»ን ነው፤ መዳፉ ወደ ላይ ተገልብጦ ክንዱ ወደ ውጭ የሚዘረጋበትን መመከቻ። በሠርቶ ማሳያ ላይ ያምራል። አጥቂው አንድ ቡጢ ወርውሮ ክንዱን አየር ላይ ትቶ ይቆማል፣ መምህሩም አምስት ጊዜ ይመታዋል። የእውነቱ ቆልማማ ግን ከቀጥታ ቡጢ ተከትሎ፣ የሰውነት ክብደት ተሸክሞ ይመጣል፤ አጭር ከሆነም የተዘረጋውን ክንድ ዞሮት ያልፋል። እኔ የምመርጠው «ቢዩ ሳው» የሚሉትን ነው። ጣቶች ወደ ፊት ተወርውረው የአጥቂውን የላይኛ ክንድ ከትከሻው አጠገብ ስለሚያገኙት፣ ቡጢው ፍጥነት ሳያገኝ ይቆማል። «ቺ ሳው» የሚባለው፣ ሁለት ሰዎች ክንድ ለክንድ ተነካክተው የሚያደርጉት ልምምድም ዋጋ አለው፤ በዚህ ርቀት ዓይን ይዘገያል፣ ቆዳ ግን ቀድሞ ያውቃል።

ገብቶ ምን ይደረግ? ሁለተኛው ቃል እዚህ ይመጣል፤ ክሊንች፣ በአማርኛ ትንቅንቅ። «አንገት ለአንገት ተናነቁ» እንደምንለው ማለት ነው። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ትንቅንቅን ለጠበቀ የኳስ ጨዋታ ሁሉ ስለሚሰጡት ቃሉ ቢሳሳም፣ ሥሩ ማነቅ ነውና ለዚህ ቦታ ከእሱ የቀረበ የለም። ዓሊ ከፍሬዚየር ቆልማማ የተማረው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1974 ዳግም ሲገናኙ ፍሬዚየር በቀረበ ቁጥር ዓሊ ማጅራቱን እየያዘ ወደ ታች ይጎትተው ነበር፤ በነጥብም አሸነፈ። የፍሬዚየር ወገን ተማረረ፤ በቡጢ ሕግ መያዝ ጥፋት ነውና። በታይላንዱ ሙዋይ ታይ ግን ትንቅንቅ የጨዋታው አካል ነው፣ ከዚያ ውስጥ በታጠፈ ጉልበት ይመታል። አያያዙ ቀላል ነው፦ የመታበትን ክንድ ከክርኑ በላይ ጠቅልሎ ብብት ሥር መቆለፍ፣ ግንባርን የተጋጣሚው ማጅራትና ትከሻ መገናኛ አጠገብ ማሳረፍ፣ በሌላው እጅ ማጅራቱን መያዝ።

ለጎዳና ጠብ ትንቅንቅ ሌላም ጥቅም አለው፤ ማንንም ሳያቆስል ገላጋይ እስኪደርስ ያቆያል። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ሲፈቅድ፣ ጥቃቱ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል መሆኑንና መከላከያው ከጥቃቱ ጋር መመጣጠኑን ይጠይቃል። አንቀጽ 79 የሚናገረው ልኩን ስላለፈው ነው። በትንቅንቅ የያዘ ሰው ከሚፈነክት ሰው ይልቅ ለዚህ ልክ ይቀርባል።

ልምምዱ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ፓድ ከሌለ አሶሳ ቀርከሃ አይቸግርም፤ የክንድ ርዝመት ያለው ቁራጭ ስፖንጅና ጨርቅ ተጠቅልሎበት አሠልጣኙ ከጎን በዝግታ ያዞረዋል፣ ተማሪው ይሸፍናል፣ ይገባል፣ ይይዛል። ስፖንጁ ግን ይወፍር፤ የቆላው ቀርከሃ እንደ ደጋው ውስጡ ባዶ ሳይሆን ከሞላ ጎደል ድፍን ስለሆነ ዱላ ነው። ዞሮ የሚመጣውን ከለመደ በኋላ ከፊቱ ቀጥታ ቡጢ ይጨመርበታል፤ ምክንያቱም ቆልማማ ብቻውን የሚመጣው እምብዛም ነው።

ትንቅንቅ ውስጥ ቆልማማው ቦታ ሲያጣ የሚነሣው አፐርካት ነው፤ ከሥር ወደ አገጭ የሚወጣው «ሽቅብ ቡጢ»። ስለዚህ የያዘ ሰው ሁለቱንም እጆቹን ከውጭ በኩል አያስቀምጥም፤ አንዱ እጁ ሁልጊዜ በተጋጣሚው ክንድና ደረት መካከል ይሆናል፣ አገጩም ከተጋጣሚው ትከሻ በላይ ብቅ አይልም።