የጸሎቱ ሰሚ ማን ነው?

«አስማት» የሚለው ቃል በግዕዝ የስም ብዙ ቍጥር ነው፤ ስሞች ማለት ነው። በአማርኛችን ግን ቃሉ ከስሞቹ አልፎ በስሞቹ ለሚሠራው ሥራ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ይህም እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በግብጽም፣ በግሪክም፣ በዕብራውያንም ዘንድ መንፈስን የሚጠራ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው ስሙን ነው። ስም የሚጠራም ሰው፣ የሚሰማው ሌላ አካል አለ ብሎ ነው የሚጠራው። ታዲያ ጠሪው ከራሱ ውጭ የሚሰማው አካል መኖሩን ማመን ቢተው፣ መጥራቱን ግን ባይተው፣ ጸሎቱ ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእውነት የተነሣና ብዙ ሰዎችን ያከራከረ ጥያቄ ነው። እኛም ነገሩን በአንድ አሮጌ ጸሎት ታሪክ ልንከታተለው አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሎንዶን ከተማ፣ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት፣ በ4ኛው መቶ ዓመት ገደማ በግብጽ አገር በግሪክ ቋንቋ የተጻፈ አንድ የፓፒሩስ መጽሐፍ ይገኛል። በእስክንድርያ የስዊድን ቆንሲል የነበረው ጆቫኒ አናስታሲ ከሰበሰባቸው ጥንታውያን ጽሑፎች አንዱ ሲሆን፣ በ1839 ለብሪቲሽ ሙዚየም ተሸጧል። ከዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን አስማት በ1852 አስተካክሎና ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ ያሳተመው ቻርልስ ዊክሊፍ ጉድዊን የተባለ የሕግ ሰውና የግብጽ ጥናት ሊቅ ነበር። ጉድዊን በሥራው አስማተኛነትን የማስፋፋት አሳብ አልነበረውም፤ የጥንት ሰዎችን ነገር ለማወቅ የሚደክም ሊቅ ነበርና።

ጸሎቱ ሰማይንና ምድርን፣ ሌሊትንና ቀንን፣ ብርሃንንና ጨለማን የፈጠረውን «ራስ የሌለውን» አምላክ ይጠራል። ጠሪው ነቢዩ ሙሴ እኔ ነኝ ይላል፤ የግብጹን የኦሲሪስን ስም ከዕብራውያን መለኮታዊ ስሞች ጋር ያዛምዳል፤ በየመካከሉም በማናቸውም ቋንቋ የማይተረጐሙ ረጃጅም ስሞችን ይደረድራል። ስሞቹ በአዲስ ፓፒሩስ ላይ ተጽፈው ከአንዱ ሰርን እስከ ሌላው ሰርን በግንባር ላይ እንዲዘረጉ፣ ጠሪውም ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ እንዲያነባቸው ታዟል። የሀገራችንን ክታብ ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም። አጋንንትን በስም ኃይል የሚያስረው ንጉሥ ሰሎሞን በእኛ ዘንድ በመርበብተ ሰሎሞን፣ በእንግሊዞቹ ዘንድ ደግሞ ወደ ኋላ በምናነሣው መጽሐፍ ይታወቃል፤ የሁለቱም ምንጭ ያው የጥንቱ የምሥራቅ ዓለም ነው።

ስለዚህ ጸሎት ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛው የተጻፈበት ምክንያት ነው። ጸሎቱ የተጻፈው ጋኔን ለያዘው ሰው ነው። በየስሞቹ ተራ መጨረሻ የሚመላለሰው ልመና፣ እገሌ ከያዘው ጋኔን ይፈታ ዘንድ ነው። ስለዚህ በነገሩ ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ፤ የሚጠራው፣ የሚጠራበት አምላክና በመካከላቸው የተኛው ሕመምተኛ። ሁለተኛው ደግሞ የአነጋገሩ ለውጥ ነው። መጀመሪያ «አንተ» እያለ ከሩቅ የሚለምነው ጠሪ፣ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ራሱ በአምላኩ አፍ መናገር ይጀምራል፤ ራስ የሌለው እኔ ነኝ ይላል። የጥንቱ ሰው በዚህ ጊዜ አምላኩ እንዳደረበት ያምን ነበር። ከ1500 ዓመት በኋላ የመጡት አንባቢዎች ግን ይህንኑ ቦታ ይዘው፣ አስቀድሞም ቢሆን ተናጋሪው አንድ ብቻ ነበር ለማለት ቻሉ።

በ1888 በሎንዶን «ወርቃማ ንጋት» የሚባል የምስጢር ማኅበር ተመሠረተ። መሥራቾቹ ዊልያም ዌስትኮት፣ ዊልያም ዉድማንና ሳሙኤል ማተርስ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ፊተኞች ሐኪሞች ነበሩ። ዌስትኮትም በመንግሥት ሥራ የአሟሟት መርማሪ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ ቀን የሞተ ሰው ሬሳ የሚመረምር ሹም ማታ የመላእክትን ስም ሲጠራ ማሰብ ለእኛ ለቢሮ ሰዎች ጥቂት ያስቃል። ባለቅኔው ዊልያም በትለር ዬትስ በ1890 ገብቷል። በማኅበሩ ውስጥ ወደ ላይኛው ማዕርግ የሚወጣ ሰው፣ በእግዚአብሔር ረዳትነት ከላይኛውና ከመለኮታዊው የራሱ «መንፈስ» ጋር እንዲዋሐድ ይምል ነበር። በዚህ መሐላ ውስጥ ነገሩ ገና በሁለት አሳብ መካከል የተንጠለጠለ ነው። የሚፈለገው መንፈስ ከሰማይ ነው፤ ነገር ግን «የራሱ» ተብሏል። ማተርስም ከፈረንሳይኛ ቅጅ ተርጕሞ በ1890ዎቹ መጨረሻ ያሳተመው የአብራሜሊን መጽሐፍ፣ አንድ ሰው ስድስት ወር ከዓለም ተለይቶ በጸሎት ቢጸና ቅዱስ ዐቃቤ መልአኩን እንደሚያነጋግር ያስተምራል። በዚያ መጽሐፍ መልአኩ መልአክ ነው፤ ሌላ ትርጓሜ የለውም።

በዚሁ ዘመን የሥነ ልቡና ትምህርት ከፍልስፍና ተለይቶ በራሱ እግር መቆም ጀምሮ ነበር። ፍሬድሪክ ማየርስ ከንቃታችን ደፍ በታች ሌላ ሰፊ ማንነት እንዳለ አስተማረ፤ ዋናው መጽሐፉም ከሞተ በኋላ በ1903 ወጣ። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በኤድንበርግ ያደረጋቸውን ንግግሮች በ1902 አሳትሞ፣ የጸሎትንና የመለወጥን ነገር የሃይማኖት ሊቅ ሆኖ ሳይሆን እንደ ልቡና መርማሪ አቀረበው። ጄምስ ጠንቃቃ ሰው ስለ ነበረ፣ ጸሎተኛው ኃይል የሚያገኘው በስውሩ ልቡና በኩል ነው ሲል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን በር አልዘጋም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ይህን ጥንቃቄ አልወረሱም።

ከእነዚህም አንዱ አሌስተር ክሮውሊ ነው። በ1898 ወደ ወርቃማ ንጋት የገባው ይህ ሰው ባለጸጋ፣ የተማረና በጠባዩ እጅግ የተነቀፈ ነበር፤ ኑሮውን መተረክ የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። በ1904 ማተርስ ያዘጋጀውን በሰሎሞን ስም የሚጠራ የ72 መናፍስት መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ራስ ላይ ሁለት ነገር ጨመረ። አንዱ ያ የግብጹ ጸሎት ሲሆን፣ ሁለተኛው መናፍስቱ የሰው አንጐል ክፍሎች ናቸው የሚል አጭር መቅድም ነው። በዚህ መሠረት አንድ መንፈስ ሎጂክን ያስተምራል ሲባል፣ የማመዛዘን ሥራ የሚሠራው የአንጐል ክፍል በሥርዐቱ ይነቃቃል ማለት ነው። ዕጣኑ፣ ብርሃኑ፣ ክቡ፣ የስሞቹ ጩኸት ሁሉ በስሜት ሕዋሳት በኩል ወደ አንጐል የሚደርሱ ማነቃቂያዎች ሆኑ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል አንድ ለውጥ አለ። በክሮውሊ እትም ጸሎቱ ሕመምተኛውን አጥቷል። እገሌ ይፈታ ዘንድ የሚለው ልመና ወጥቶ፣ በምትኩ እኔን ስማኝ፣ መናፍስትንም ለእኔ አስገዛልኝ የሚል አሳብ ገብቷል። «ራስ የሌለው» የሚለውም «ያልተወለደ» ተብሏል፤ ራስን የመጀመሪያ ምሳሌ አድርገው ያዩት ይመስላል። ርእሰ ዐውደ ዓመት ለምንል ለእኛ ይህ አተረጓጐም እንግዳ አይደለም። የሕመምተኛው መውጣት ግን የቋንቋ ጕዳይ ሊሆን አይችልም። ለሌላ ሰው ፈውስ የተጻፈ ጸሎት ለጠሪው ለራሱ ማደጊያ ሆነ። በእኛ አስተያየት ጸሎቱን ለሥነ ልቡና ትርጓሜ ያመቻቸው ከመቅድሙ ይልቅ ይህ ነው፤ ሦስተኛው ወገን ከሄደ በኋላ ሁለተኛውን ከአንደኛው ጋር አንድ ማድረግ ቀላል ነውና።

ሆኖም ክሮውሊ የአምልኮን ቋንቋ አልጣለም፤ እንዲያውም አበዛው። በ1909 ባወጣው አንድ የትምህርት ጽሑፍ ተማሪው ስለ አማልክትና ስለ መናፍስት በእውነት መኖር አለመኖር ሳይፈርድ፣ የታዘዘውን ሠርቶ የሚገኘውን ውጤት ብቻ እንዲመዘግብ ያዛል። በ1912 ደግሞ ራስን ለአንድ አምላክ በፍቅር ስለ መስጠት ሌላ ጽሑፍ አሳተመ። በዚያ ጸሎተኛው አምላኩን በሰባት ዓይነት ይጠራዋል፤ እንደ ባሪያ ጌታውን፣ እንደ ባለ ርስት ንጉሡን፣ እንደ ልጅ ወላጁን፣ እንደ ካህን አምላኩን፣ እንደ ወንድም ወንድሙን፣ እንደ ወዳጅ ወዳጁን፣ በመጨረሻም እንደ አፍቃሪ ፍቅረኛውን። ይህን የሚያነብ ሰው ጸሓፊው ቀድሞ መናፍስትን የአንጐል ክፍሎች ያለ ሰው መሆኑን ይረሳል። ለአንጐሉ ክፍል እንደ ባሪያ የሚሰግድ፣ እንደ ልጅም የሚያለቅስ ማን ነው? ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ቀዝቃዛ ቃል ልቡናን አያነቃንቅም። መሣሪያው እንዲሠራ መሣሪያ መሆኑ ለጊዜው መረሳት አለበት።

በ1921 በሲሲልያ ደሴት በቼፋሉ፣ ክሮውሊ ለደቀ መዝሙሩ ለፍራንክ ቤኔት ብሎ የግብጹን ጸሎት ከነማብራሪያው እንደ ገና ጻፈው። ቤኔት ከአውስትራልያ የመጣ ግንበኛ ነበር። ክሮውሊ ቅዱስ ዐቃቤ መልአክ የሚባለው ስውሩ ልቡና፣ ይህም የሰው እውነተኛ ማንነት እንደ ሆነ በነገረው ጊዜ፣ ቤኔት እጅግ ታውኮ ነበር። የሙሶሊኒ መንግሥት በ1923 ክሮውሊን ከኢጣልያ አባረረው፤ ያ መንግሥት ከሠራቸው ሥራዎች መካከል ኢትዮጵያዊ የማያማርርበት ምናልባት ይህ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

በሕክምናው በኩል የመጡት ሰዎች ሌላ መንገድ ያዙ። በ1890 የተወለደችው ቫዮሌት ፈርዝ፣ በብዕር ስሟ ዳዮን ፎርቹን፣ በሎንዶን በብሩንስዊክ አደባባይ በነበረው የልቡና ሕክምና ቤት ከሠራች በኋላ ነው በ1919 ወደ ማኅበሩ ቅርንጫፍ የገባችው። በ1922 ባሳተመችው የሥነ ልቡና መጽሐፍ መቅድሙን የጻፈላት ታዋቂው የዕፀዋት ሊቅ አርተር ታንስሊ ነበር። እስራኤል ረጋርዲ ደግሞ በ1907 በሎንዶን ከድኾች አይሁድ ቤተ ሰብ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በ1928 የክሮውሊ ጸሓፊ ሆነ፤ ከ1937 እስከ 1940 የወርቃማ ንጋትን ምስጢራዊ ሥርዐቶች በአራት ቅጽ አሳተመ። በ1938 ባወጣው መጽሐፉ የአስማትን ሥርዐትና የፍሮይድንና የዩንግን ሕክምና ጐን ለጐን አቀረባቸው፤ ወደ አስማት የሚገባ ሰው አስቀድሞ በልቡና ሐኪም ዘንድ ራሱን እንዲያስመረምርም እስከ ሞተበት እስከ 1985 ድረስ ይመክር ነበር። በረጋርዲ እጅ ያ የጠፋው ሕመምተኛ ተመልሶ መጣ ለማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ አሁን ሕመምተኛውም፣ ጠሪውም፣ ጋኔኑም አንድ ሰው መሆናቸው ነው።

የእነዚህ ሁሉ መጠጊያ የሆነው ካርል ዩንግ ግን እነርሱ ያሉትን ሁሉ አላለም። ዩንግ ራሱ ከ1913 ጀምሮ በራእይ ከሚታዩት አካላት ጋር ይነጋገር ነበር፤ ፊሌሞን ብሎ የጠራው ሽማግሌ፣ አሳብ ሁሉ ከእኔ የሚመነጭ እንዳልሆነ አስተማረኝ ብሏል። ይህን የመዘገበበት ቀይ መጽሐፍ የታተመው በ2009 ነው። በሳይንስ ጽሑፎቹ ደግሞ ሐኪም ሊናገር የሚችለው በልቡና ውስጥ ስላለው የእግዚአብሔር ምስል ብቻ እንጂ ስለ እግዚአብሔር መኖር እንዳልሆነ ደጋግሞ አሳስቧል። ስለ ምስሉ መናገር የምስሉን ባለቤት መካድ አይደለም። «መልአክ የሚባለው ስውሩ ልቡና ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከዚህ ወሰን አልፎ ሄዷል፤ አንዱን ምስጢር በሌላ ምስጢር ስም ጠርቶ ፈታሁት ይላልና።

የሚደንቀው ደግሞ ክሮውሊ ራሱ በእርጅናው ከዚህ ትርጓሜ መመለሱ ነው። በ1940ዎቹ ለአንዲት ተማሪ በጻፋቸውና ከሞተ በኋላ በ1954 በታተሙት ደብዳቤዎች፣ ቅዱስ ዐቃቤ መልአክ የሰው ላይኛ ማንነት ብቻ ሳይሆን ከሰው ውጭ የሆነ፣ የራሱ ሕልውና ያለው አካል ነው ሲል ጻፈ። አርባ ዓመት «አንተ» ሲል የኖረ ሰው በመጨረሻ ያ «አንተ» እውነት ነው አለ። ልማድ አሸንፎት ይሁን ወይም ያየው ነገር ኖሮ፣ ታሪክ ጸሓፊ ሊፈርድ አይችልም። የአምስተርዳሙ ሊቅ ቫውተር ሀንግራፍ በ2003 በጻፈው ጥናት፣ አስማት በሳይንስ ዘመን ሊቆይ የቻለው ወደ ልቡና ውስጥ በመግባቱ ነው ብሏል፤ የክሮውሊ መጨረሻ ግን የገባውም ሁሉ ውስጥ እንዳልቀረ ያሳያል።

በሀገራችን ያለ አንድ ቃል እዚህ ላይ ትዝ ይለናል። «ውቃቢ» የሚለው ቃል ከግዕዙ «ዐቃቢ»፣ ጠባቂ፣ የመጣ ነው፤ በአንዳንዱ ዘንድ የሚገበርለት መንፈስ ስም ነው። ነገር ግን መንፈስ የሚባል ነገር ፈጽሞ የማይቀበል የተማረ ሰውም ስለ አንድ እንግዳ ሲጠየቅ «ውቃቢዬ አልወደደውም» ይላል። በዚህ ጊዜ ስለ መንፈስ እየተናገረ ነው ወይስ ስለ ልቡናው? ተናጋሪው ራሱ አይጠይቅም፤ ቃሉም አያስገድደውም። እንግሊዞቹ በመጽሐፍና በክርክር ሊደርሱበት የደከሙበትን ቦታ የእኛ ሰው በየቡና ቤቱ ሳያስበው ተቀምጦበታል።

የግብጹ መጽሐፍ ዛሬም በሎንዶን ነው። የሕመምተኛው ስም ሊገባበት በሚገባው ስፍራ፣ ጸሓፊው «እገሌ» የሚል ምልክት ብቻ አስቀምጧል። በእኛ ክታቦችም እንዲሁ ለባለቤቱ ስም ባዶ ስፍራ ይተዋል፤ ክታቡም ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ይፋቅና የአዲሱ ሕመምተኛ ስም በላዩ ይጻፋል።