“በቅርብ ቀን”፦ የሮክ አልበምን የመጠበቅ ልማድ ታሪክ

“አልበም” የሚለው ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ በቅድሚያ የሚያስታውሰው የፎቶግራፍ ማስቀመጫውን ደብተር ሲሆን፣ የሙዚቃው አልበምም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ደብተር ነው። እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ “ዓ.ም.” ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ የሚሆን ሙዚቃ ብቻ ስለነበር፣ ረዘም ያለ ሥራ በብዙ ሸክላዎች ተከፋፍሎ፣ እንደ ፎቶ ደብተር በአንድነት በተጠረዙ የወረቀት ኪሶች ውስጥ ተቀምጦ ይሸጥ ነበር። በ1948 ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ የሚሽከረከረውንና በአንድ ገጹ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚይዘውን ሸክላ ለገበያ ሲያቀርብ ደብተሩ አላስፈላጊ ሆነ፤ ስሙ ግን አልጠፋም፣ ለአንዱ ሸክላ ተላለፈ። ከዚያ በኋላ አልበም የሚባለው፣ አንድ ሽፋን ለብሶ በአንድ ቀን ሱቅ የሚገባው የዘፈኖች ስብስብ ሆነ። አድናቂው ቀን ቆጥሮ የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው።

የሆነው ሆኖ መጠበቁ ወዲያው አልተጀመረም። ሮክ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በቤዝና በከበሮ ላይ የተመሠረተውና በ1950ዎቹ በአሜሪካ የተወለደው ሙዚቃ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገበያው የቆመው በነጠላ ዜማ ላይ ነበር፤ አልበሙ በሬዲዮ የተወደዱትን ነጠላ ዜማዎች ሰብስቦ ጥቂት ማሟያ የሚታከልበት ነገር እንጂ በራሱ የሚናፈቅ ሥራ አልነበረም። ቢትልስ የተባለው የሊቨርፑል ባንድ የመጀመሪያ አልበሙ ከያዛቸው 14 ዘፈኖች ውስጥ 10ሩን የቀረጸው በአንድ ቀን፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1963 ሲሆን፣ ሸክላው ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ማርች 22 ቀን ሱቅ ገብቷል። ሥራው እንዲህ ሲጣደፍ አድናቂው የሚናፍቅበት ጊዜ አይኖረውም። በ1964 የዚሁ ባንድ “ካንት ባይ ሚ ላቭ” የተባለ ነጠላ ዜማ ገና ሳይወጣ በአሜሪካ ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቅድመ ትዕዛዝ ማግኘቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ቅድመ ትዕዛዝ የሚባለው የሱቆቹ ትዕዛዝ ነበር፣ ማለትም ነጋዴው የገመተው የሕዝብ ፍላጎት እንጂ አድናቂው ራሱ ስሙን አስመዝግቦ የገባው ቃል አልነበረም።

ልማዱን የወለደው ባንዱ ከመድረክ መውረዱ ነው። ቢትልስ ኦገስት 29 ቀን 1966 በሳን ፍራንሲስኮ የመጨረሻውን የክፍያ ኮንሰርቱን አቅርቦ ስቱዲዮ ሲገባ፣ በየስድስት ወሩ አዲስ ሸክላ የለመደው አድማጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ረዥም ዝምታ ገጠመው፤ ጋዜጦችም ዝምታውን “ባንዱ አለቀለት” ብለው ተረጎሙት። በ1967 የጸደይ መገባደጃ “ሳርጀንት ፔፐርስ ሎንሊ ኸርትስ ክለብ ባንድ” ሲወጣ ወደ 700 ሰዓት የሚጠጋ የስቱዲዮ ሥራ እንደፈሰሰበት ተነገረ፣ ዝምታውም ወደ ኋላ ተመልሶ የድካም ማስረጃ ሆነ። ሁለት ነገሮች ደግሞ ለኋላው ዘመን መንገድ ጠረጉ። አንደኛው፣ የዘፈኖቹ ግጥም በሙሉ በሽፋኑ ጀርባ ላይ መታተሙ ሲሆን፣ ይህም አድማጩ ሽፋኑን ይዞ እንዲያነብ፣ ፍቺ እንዲፈልግና ከጓደኛው ጋር እንዲከራከር ጋበዘው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ከዚያ በፊት የአሜሪካው አሳታሚ ካፒቶል የእንግሊዙን አልበም እየቆራረጠና ዘፈን እያቀያየረ ሲሸጥ ከኖረ በኋላ፣ ይህ ሥራ ግን የዘፈኖቹ ዝርዝር ሳይነካ በሁለቱም አገሮች መውጣቱ ነው። የለንደኑና የኒውዮርኩ አድናቂ አንድ ዓይነት ነገር መጠበቅ የቻሉት ከዚህ በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው አሳታሚ ቤት፣ የመጠበቅ ሌላው መልክ ታየ። ብራያን ዊልሰን የሚመራው የካሊፎርኒያው ቢች ቦይስ “ስማይል” የተባለ አልበም እያዘጋጀ ነበር፤ ካፒቶልም ሥራው መድረሱን ከመጠን በላይ ተማምኖ ከ400,000 የሚበልጡ ሽፋኖችን አስቀድሞ አሳተመ። በሜይ 1967 አልበሙ እንደማይወጣ ሲታወቅ መጋዘን የቀረው ሸክላ የሌለው ሽፋን ነበር። ዊልሰን ዘፈኖቹን የሠራው በቁርጥራጭ ነው፤ አንዱን መዝሙር መሰል መግቢያ በአንድ ስቱዲዮ፣ ሌላውን የመሣሪያ ቅንብር በሌላ እየቀረጸ፣ ቁርጥራጮቹን በኋላ ለመስፋት አስቦ ነበርና ስፌቱ አልተፈጸመም። አንዳንዶቹ ክፍሎች በባንዱ ቀጣይ አልበሞች ውስጥ እየተሸጎጡ ሲወጡ፣ ሌሎቹ በካሴት እየተባዙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ፣ አድናቂዎቹ የራሳቸውን “ስማይል” መስፋት ጀመሩ፦ የትኛው ዘፈን ይቅደም፣ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው ይቀጠል የሚለው ለአሥርት ዓመታት ያላለቀ ክርክር ሆነ። ዊልሰን ሥራውን በራሱ ስም እንደገና ቀርጾ ያወጣው በ2004 ሲሆን፣ የ1960ዎቹ ቀረጻዎች በይፋ የታተሙት ደግሞ በ2011 ነው። ጠባቂው እጁን አጣጥፎ አለመቀመጡ፣ በሌለው ሥራ ፋንታ የራሱን መሥራቱ፣ ከዚህ ታሪክ ይልቅ በግልጽ የሚታይበት ቦታ የለም።

የካሴቱ ንግድ የቆመው በ1969 በተከፈተ መንገድ ላይ ነበር። በዚያ ዓመት የአሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን ያልታተሙ ቀረጻዎች ምንም ጽሑፍ በሌለበት ነጭ ሽፋን፣ ያለ አሳታሚው ፈቃድ በሎስ አንጀለስ ሲሸጡ፣ “ግሬት ዋይት ወንደር” በመባል የታወቀው ይህ ሸክላ የሮክ የመጀመሪያው ጉልህ ሕገወጥ ኅትመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ በስቱዲዮና በሱቅ መካከል ያለው ክፍተት ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ አያውቅም፤ የውስጥ ሰው የሚያውቅ፣ ትዕግሥት የሌለው ሰው አልበሙን ከቀኑ በፊት የሚሰማበት ቀዳዳ ነበረው።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የመጠበቂያው ጊዜ የሚረዝመው በኪነ ጥበብ ምክንያት ብቻ ሳይሆን በውልም ምክንያት ነበር። የቦስተን ባንድ መሪ ቶም ሾልዝ፣ በኤምአይቲ የተማረና በፖላሮይድ ኩባንያ የሠራ መሐንዲስ፣ የ1976ቱን የመጀመሪያ አልበም በአብዛኛው በቤቱ ምድር ቤት ቀርጾ ሚሊዮኖችን ሸጠ፤ ሁለተኛው በ1978 ወጣ፤ ሦስተኛው ግን ስምንት ዓመት ፈጅቶ እስከ 1986 ዘገየ። ሾልዝ ለጥቃቅን ድምፅ የሚጨነቅ ሰው መሆኑ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ ሌላው ምክንያት አሳታሚው ሲቢኤስ “በውሉ መሠረት ሥራውን አላስረከበም” ብሎ ፍርድ ቤት ማቆሙ ነበር። አድናቂው የሚወደውን ጊታር ሲጠብቅ በእርግጥ የሚጠብቀው የክርክሩን ውጤት ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ “የመውጫ ቀን” የሚባለውን ነገር፣ ከነሰልፉና ከነግርግሩ፣ ትልቅ ያደረገው ግን የባንዶች ዝና ሳይሆን የቆጠራ ዘዴ ነው። ቢልቦርድ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ንግድ መጽሔት የአልበሞችን ደረጃ ያወጣ የነበረው ለሱቆች እየደወለ፣ “በዚህ ሳምንት የተሸጠው ምንድን ነው?” እያለ በመጠየቅ ነበር፤ የሱቅ ሠራተኛውም ከትዝታው፣ አንዳንዴም ከፍላጎቱ ይመልሳል። በዚህ አሠራር አልበም እንደ እሳት ቀስ እያለ ይቀጣጠላል እንጂ በመጀመሪያ ሳምንቱ አንደኛ መሆን እጅግ ብርቅ ነበር፤ ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነው በ1975 በኤልተን ጆን አልበም ነው። በሜይ 1991 መጽሔቱ ሳውንድስካን የተባለውን ሥርዓት ሲቀበል፣ ቆጠራው በዕቃው ላይ ያለው ባርኮድ ገንዘብ መቀበያው ጋ ሲነበብ በሚመዘገበው እውነተኛ ሽያጭ ተተካ፤ የመጀመሪያው ሳምንትም የአልበሙ ሁሉ ፈተና ሆነ።

የለውጡ መጠን በአንድ ባንድ ታሪክ ላይ ይለካል። የሎስ አንጀለሱ ገንስ ኤንድ ሮዝስ “አፐታይት ፎር ዲስትራክሽን” የተባለውን አልበሙን በጁላይ 1987 ሲያወጣ የጠበቀው ሰው ጥቂት ነበር፣ አንደኛ ደረጃ ላይ የወጣውም ከአንድ ዓመት በኋላ በኦገስት 1988 ነው። ይኸው ባንድ ማክሰኞ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1991 “ዩዝ ዩር ኢሉዥን” የተባሉትን ሁለት አልበሞች በአንድ ቀን ሲያወጣ ግን፣ በአሜሪካ አዲስ ሙዚቃ የሚወጣው ማክሰኞ ስለነበር፣ በርካታ ሙዚቃ ቤቶች የሰኞ ሌሊት በራቸውን ከፍተው ልክ እኩለ ሌሊት ሲሆን መሸጥ ጀመሩ፤ ሁለቱ አልበሞችም በአንድ ጊዜ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ገቡ።

በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ልማድ የያዘው መልክ ከዚህ የተለየ ነው። የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤቶች ግድግዳ ላይ “በቅርብ ቀን” የሚል ጽሑፍ የታተመበት ፖስተር ሲለጠፍ አድማጩ የሚያሰላው ማክሰኞን ሳይሆን እንቁጣጣሽን፣ ገናን ወይም ፋሲካን ነው፤ ድምፃዊው ቴዲ አፍሮም “ጥቁር ሰው”ን ያወጣው በ2004 ዓ.ም. ለፋሲካ ነው። የአሜሪካውን ቀን የወሰነው የሸቀጥ ማጓጓዣው ሥርዓት ሲሆን የኢትዮጵያውን የወሰነው የበዓላቱ ቀን መሆኑ፣ ለሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ገና በቅጡ ያልተነካ ጉዳይ ነው።

የቆጠራው ዘመን የመጠበቅን ክፉ ጎንም አጋለጠ። የማንቸስተሩ ኦኤሲስ “ቢ ሂር ናው” የተባለውን አልበሙን ኦገስት 21 ቀን 1997 ሲያወጣ፣ በብሪታንያ በሦስት ቀን ውስጥ ከ600,000 በላይ ቅጂ ተሸጠ፤ ተቺዎችም ከሕዝቡ ጉጉት ጋር አብረው በመፍሰስ ውዳሴ አዘነቡ። ወራት ሲያልፉ ግን ዘፈኖቹ ያለ ቅጥ መርዘማቸው፣ ጊታር በጊታር ላይ መከመሩ ይታይ ጀመር፤ የዘፈኖቹ ደራሲ ኖኤል ጋላገር ራሱ ሥራውን በአደባባይ ሲነቅፍ ተሰማ። አልበሙ ያን ያህል መጥፎ ነበር ለማለት አይቻልም፤ ሚዛኑን ያዛባው የጉጉቱ ክብደት ነበር።

የመጠበቅ ታሪክ ከፍተኛ ምዕራፍ ግን እንደገና የገንስ ኤንድ ሮዝስ ነው። ጊታሪስቱ ስላሽ በ1996፣ ቤዝ ተጫዋቹ ዳፍ ማኬገን በ1997 ከለቀቁ በኋላ፣ ከ1987ቱ አምስት አባላት የቀረው ድምፃዊው አክስል ሮዝ ብቻ ሲሆን፣ እሱም “ቻይኒዝ ዲሞክራሲ” የተባለውን አልበም ከአዳዲስ ሙዚቀኞች ጋር ይሠራ ጀመር። በ1999 አንድ ዘፈን በፊልም ማጀቢያ ውስጥ ወጣ፤ በጃንዋሪ 2001 በሪዮ ዴ ጃኔሮ መድረክ ላይ ገና ያልታተሙ ዘፈኖች ተሰሙ፤ ኒውዮርክ ታይምስ በ2005 ወጪውን 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አድርጎ ገመተው። አልበሙ የዘገየ ነገር ሁሉ ምሳሌ እስኪሆን ድረስ ስሙ የቀልድ መነሻ ሆነ፤ ኦፍስፕሪንግ የተባለው ባንድ በ2003 የኤፕሪል ዘ ፉል ዕለት ስሙን ነጥቆ ለራሱ አልበም ሊሰጠው መሆኑን በማወጅ አሾፈ። በማርች 2008 ዶክተር ፔፐር የተባለው የለስላሳ መጠጥ ኩባንያ፣ አልበሙ በዚያ ዓመት ከወጣ፣ ከባንዱ ከለቀቁት ሁለት ጊታሪስቶች በቀር ለአሜሪካ ሕዝብ ሁሉ አንድ አንድ ጣሳ በነፃ እንደሚሰጥ ቃል ገባ። በኖቬምበር 23 አልበሙ በእርግጥ ወጣ፤ በአሜሪካም በአንድ የሱቅ ሰንሰለት ብቻ ተሸጠ። ነፃውን መጠጥ ለመውሰድ ለ24 ሰዓት የተከፈተው የኢንተርኔት ምዝገባ በሕዝብ ብዛት ተጨናንቆ ተሰናከለ፣ አልበሙም በአገሩ ገበያ በሦስተኛ ደረጃ ጀመረ። ከአሥር ዓመት በላይ በሰው ምናብ ውስጥ ሲቀናበር የኖረን አልበም ሲዲ ላይ የታተመ አልበም እንዴት ሊያሸንፈው እንደሚችል ለማሰብ ያዳግታል፤ ከዘፈኖቹ አንዳንዶቹ ግን ካተረፉት ስም የተሻሉ ናቸው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅን ማስቀረት ራሱ እንደ ስልት ተሞከረ። የእንግሊዙ ሬዲዮሄድ በኦክቶበር 2007 “ኢን ሬይንቦውስ” መውጣቱን ያስታወቀው ከአሥር ቀን በፊት ብቻ ሲሆን፣ ዋጋውንም ገዢው ራሱ እንዲተምን አደረገ። በሴፕቴምበር 2014 ደግሞ የዩቱ ባንድ አልበም 500 ሚሊዮን በሚሆኑ የአይቲዩንስ (የአፕል ኩባንያ የኢንተርኔት ሙዚቃ መደብር) ደንበኞች መዝገብ ውስጥ ሳይጠየቅ ገባ፤ ቅሬታው ስለበዛ አፕል በሳምንት ውስጥ ስጦታውን ማጥፊያ ቁልፍ ለማዘጋጀት ተገደደ። ከጁላይ 2015 ጀምሮ የመውጫው ቀን በዓለም ዙሪያ ዓርብ ሲሆን፣ በአገሮች መካከል የነበረው የቀናት ልዩነትም አበቃ።

የሎስ አንጀለሱ ቱል በተቃራኒው የድሮውን መንገድ እስከ መጨረሻው ተጓዘ። በ2006 “ቴን ታውዘንድ ዴይስ” ከወጣ በኋላ 13 ዓመት ሲጠበቅ፣ ሙዚቃውን በኢንተርኔት ማሰሚያ አገልግሎቶች ላይ ለማቅረብ እንኳ እምቢ ሲል ቆይቶ፣ የፈቀደው “ፊር ኢኖኩለም” ኦገስት 30 ቀን 2019 ሊወጣ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ርዕሱን የተሸከመው ዘፈን ከአሥር ደቂቃ በላይ ቢሆንም በቢልቦርድ የመቶ ዘፈኖች ዝርዝር ውስጥ ገባ፣ አልበሙም አንደኛ ሆነ። ሲዲ እምብዛም የማይገዛበት ዘመን በመሆኑ ባንዱ ሲዲውን ያቀረበው በልዩ መያዣ ነበር፦ ሲከፈት አራት ኢንች የሚሆን ስክሪን ይበራል፣ ምስል ይንቀሳቀሳል፣ ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ይወጣል፤ ከሥሩ ባለ 36 ገጽ መጽሐፍ፣ ሙዚቃውን ከኢንተርኔት ማውረጃ ካርድ፣ እንዲሁም ባትሪው ሲደክም መያዣውን እንደ ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉበት ገመድ ተቀምጧል።