የኮቲኒን የደም ምርመራ

የኮቲኒን የደም ምርመራ አንድ ሰው ባለፉት ጥቂት ቀናት ኒኮቲን ወደ ሰውነቱ ማስገባቱን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ኒኮቲን በትምባሆ ቅጠል ውስጥ የሚገኝ ሱስ አስያዥ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ወደ ደም ከገባ በኋላ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው በጉበት ውስጥ ወደ ኮቲኒን ይለወጣል። ኒኮቲን በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ ማለዳ ያጨሰ ሰው ማታ ቢመረመር ብዙም አይገኝበትም። ኮቲኒን በግማሽ ለመቀነስ ከ16 እስከ 20 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ የሚለካው እሱ ነው።

ደሙ ከክንድ ሥር ይቀዳል፤ በማሽን ተሽከርክሮ ፈሳሹ ክፍል (ሴረም) ይለያል። ከዚያም በፀረ-አካል ዘዴ ወይም ይበልጥ ትክክለኛ በሆነው የክብደት መለያ መሣሪያ (ማስ ስፔክትሮሜትር) ይለካል። ኮቲኒን በሽንትና በምራቅም ይገኛል።

የውጤቱ ትርጉም

ውጤቱ በናኖግራም በሚሊሊትር ይገለጻል። ትምባሆ የማይጠቀምና ጭስም የማይደርስበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በታች ነው። በየቀኑ የሚያጨስ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ100 በላይ ይኖረዋል። አጫሹን ከማያጨሰው ለመለየት ቀድሞ 15 ገደማ እንደ ድንበር ይወሰድ ነበር፤ በኋላ የወጡ ጥናቶች ወደ 3 ዝቅ አድርገውታል። ለምሳሌ 240 የነበረው ሰው ማጨስ ቢያቆምና መጠኑ በየ18 ሰዓቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ ከ3 ቀን በኋላ 15 ይደርሳል፤ በሳምንቱ ከ1 በታች ይሆናል። ስለዚህ ምርመራው የሰሞኑን እንጂ የዓመታትን ልማድ አይናገርም።

ሱረት፣ የሚታኘክ ትምባሆ፣ ጋያና የትምባሆ ሺሻም ኮቲኒንን ከፍ ያደርጋሉ። ማጨስ ለማቆም የሚሰጥ የኒኮቲን ማስቲካ ወይም ፕላስተርም እንዲሁ፤ ይህን ለመለየት በትምባሆ እንጂ በመድኃኒቱ ውስጥ የማይገኘው አናባሲን ይመረመራል። በእርግዝና ወቅት ኮቲኒን ከሰውነት ፈጥኖ ስለሚወጣ የነፍሰ ጡር ሴት ውጤት ከትክክለኛው መጋለጥ ያነሰ ሊመስል ይችላል።

የምድጃ ጭስና የትምባሆ ጭስ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች (ይህ ቦረና በኦሮሚያ ካለው ቦረና የተለየ ቦታ ነው) እንደ ብዙው የኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ ምግብ የሚበስለው በአመዛኙ በእንጨትና በኩበት ነው። ጭስ ማውጫ በሌለው ቤት እንጀራ የምትጋግር ሴት ካርቦን ሞኖክሳይድ ትተነፍሳለች። በደም ውስጥ ከሄሞግሎቢን ጋር የተጣበቀ ካርቦን ሞኖክሳይድ መለካትም አንዱ የአጫሾች መለያ ነው፤ ግን የምድጃውን ከሲጋራው አይለይም። ኩበት ኒኮቲን የለውም። በመሆኑም የምታስለው ሴት ኮቲኒን ከፍ ብሎ ከተገኘ ምንጩ ምድጃው አይደለም፤ ባሏ ቤት ውስጥ ያጨስ እንደሆነ፣ ወይም እሷ ራሷ ሱረት ትወስድ እንደሆነ በእርጋታ መጠየቅ ይገባል። ዝቅተኛ ውጤት ደግሞ ሳንባዋ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ የምድጃ ጭስ ያለ ኮቲኒንም ይጎዳል።

ጥቅሙ በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት 5 በመቶ የሚሆኑ አዋቂዎች (ወንዶች 8.1፣ ሴቶች 1.8) ትምባሆ እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። አኃዙ የተሰበሰበው በቃለ መጠይቅ ነው። ትምባሆ በብዙ ቦታ፣ በተለይ ለሴት፣ እንደ ነውር ስለሚታይ ሰው ሊደብቀው ይችላል። ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በከባድ ቅጣት ከልክለው እንደነበር ይታወቃል። ደም ይሉኝታ አያውቅም፤ ለዚያው ምርመራው ያለ ተመርማሪው ፈቃድ መደረግ የለበትም።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። በመኖሪያ ቤት ውስጥ ጭስ የሚደርስባቸው ሕፃናት ግን በዚህ ክልከላ አይሸፈኑም። ኮቲኒን ከአራስ ሕፃን ተረከዝ በወረቀት ላይ ተወስዶ በደረቀ የደም ጠብታም ሊለካ ስለሚችል፣ ናሙናን በበረዶ ማጓጓዝ ለሚከብድባቸው ሩቅ ወረዳዎች ይህ መንገድ ይበልጥ ይቀላል።