በካሜራ ፊት ቀና ብሎ መቆም

በፎቶ ቤቶች ዘመን ፎቶግራፍ ለመነሣት የተሰናዳ ሰው ብዙ ጉዳይ ነበረው። ከመስተዋቱ ፊት ቆሞ ጸጉሩን ያበጥራል፤ የሸሚዙን ክሳድ ያስተካክላል፤ ኮት የሌለው ለዚሁ አገልግሎት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ተውሶ ይለብሳል። ፎቶ አንሺው «ቀና በል! ወደዚህ ተመልከት!» ሲለው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይጠብቃል። ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከኮልፌ እስከ ቀራንዮ በየቤቱ ግድግዳና በየአልበሙ የሚገኙት የቆዩ ፎቶግራፎች የዚያች ቅጽበት ውጤቶች ናቸው። በብዙዎቹ ላይ የሚታየው ሰው አምሮበታል፤ ነገር ግን የሁሉም ዓይን እኩል አይናገርም። አንዱ በኩራት ይመለከታል፤ ሌላው የተያዘ ይመስላል። የዚህን ልዩነት ምንጭ ለማግኘት ከመልክና ከልብስ አልፎ ታሪክን መመርመር ያስፈልጋል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መረጡ። በጄኔራል ናፒየር ከሚመራው የእንግሊዝ ጦር ጋር ካሜራ የያዙ የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮች ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በሕይወታቸው ከዚያ ካሜራ ፊት አልቆሙም፤ ከወራሪዎቹ አንዱ የነደፈው የሞተ ፊታቸውን ነው። የ7 ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በመንገድ ላይ ሳሉ አረፉ። በዚያው ዓመት ክረምት፣ ዋይት በተባለችው የእንግሊዝ ደሴት፣ በሙያዋ ስመ ጥር የነበረችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ልዑሉን ያገሩን ልብስ እንደ ለበሰ ፎቶግራፍ አነሣችው። በኪነ ጥበብ ሚዛን ሥራዎቹ የተዋጣላቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ አንድ ምስል እስኪቀረጽ ድረስ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ግድ ስለ ነበር ፈገግታ ብርቅ ነው። ይሁንና በሕፃኑ ፊት ላይ የሚነበበውን ዝምታ የሙያው ግዴታ ብቻ ያመጣው አይመስልም። ቦታውን ያሳየው ሌላ ነው፤ ምስሉንም የወሰደው ሌላ ነው። ልዑሉ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድሶር ተቀበረ፤ አፅሙ ለአገሩ እንዲበቃ በ2015 ዓ.ም. የቀረበውም ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም።

በአገር ውስጥ ካሜራን ለራሱ ዓላማ ቀድሞ ያዋለው ቤተ መንግሥቱ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ዐፄ ምኒልክን፣ ልጆቹ ሀይጋዝና ቶኒ ደግሞ ተከታዮቹን ነገሥታት አነሡ። ዘውዱ፣ ካባውና ዙፋኑ የተነሺውን ፈቃድ ይናገራሉ። ተራው ሰው ይህን ዕድል ገና ሳያገኝ በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር አገሪቱን ወረረ። ከጠመንጃው ጋር ካሜራ የያዘው ወታደር ብዙ ነበር። ኢትዮጵያውያት ሴቶች እንደ አደን ግዳይ እየተነሡ በፖስታ ካርድ ተቸበቸቡ፤ ከተሰቀሉ አርበኞች አስከሬን አጠገብ የማስታወሻ ፎቶግራፍ ተነሡ። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ግን ጎፈሬውን ያበጠረ አርበኛ ጠመንጃውን ይዞ በዚያው መሣሪያ ፊት ቆመ። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቆመው ሰው ፈቃድ ነው።

ቀጥሎ በየከተማው የተስፋፋው ፎቶ ቤት ይህን መብት ለሠራተኛውም፣ ለተማሪውም፣ ለቤት እመቤቷም አወረደው። በማሊ፣ ባማኮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 ፎቶ ቤት የከፈተው ሴይዱ ኬይታም ለደንበኞቹ ሬዲዮ፣ የእጅ ሰዓትና ኮት ያውስ ነበር። ተውሶ መልበስን እንደ ማስመሰል ብቻ የሚቆጥሩ አሉ። ተነሺው ግን ነገ ሊሆን የሚሻውን ሰው ዛሬ በአደባባይ ማስመዝገቡ ነው።

የዚህ ታሪክ አንድ ታላቅ ምዕራፍ ኮልፌን ይነካል። በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ሕግ ጥቁሩ ሕዝብ ፎቶግራፉ የተለጠፈበትን የይለፍ ደብተር ዘወትር እንዲይዝ ያስገድድ ነበር፤ ፖሊስ ሲጠይቀው ያላሳየ ይታሰራል። ያች ትንሽ ፎቶግራፍ ባለቤቷን ለአሳዳጁ የምታስረክብ ነበረች። በመጋቢት 1952 ዓ.ም. በሻርፕቪል 69 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ኔልሰን ማንዴላ ደብተራቸውን በካሜራ ፊት አቃጠሉ።

በ1954 ዓ.ም. ከአገራቸው በስውር ወጥተው ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሲሳፈሩ አብራሪው ጥቁር መሆኑን አይተው ደነገጡ። ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ያበራል የሚል ሐሳብ ሽው አለባቸው። ወዲያው ግን ራሳቸውን ታዘቡ፤ የሚታገሉት ሥርዓት በገዛ ዓይናቸው ውስጥ ተሸሽጎ አገኙት። ይህን ገጠመኝ በግለ ታሪካቸው ውስጥ ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። አዲስ አበባ ላይ በጥቁር ጄኔራሎች የሚታዘዙ ጥቁር ወታደሮችን አዩ። በክረምቱ መግቢያ ወደ ኮልፌ ተመልሰው ከፈጥኖ ደራሽ ሻለቃ ጦር ሰፈር ገቡ፤ በዚያም የወታደር ሥልጠና ወሰዱ፤ ኮሎኔል ታደሰ ብሩም ትምህርት ሰጧቸው።

በዚያ ጉዞ ማንዴላ የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርት «ዴቪድ ሞትሳማዪ» የሚል ስም ነበረበት። ስሙ የሽፋን ነበር፤ ፊቱ ግን የራሳቸው ነው። ሁለቱ ትናንሽ ፎቶግራፎች፣ በእሳት የነደደውና በፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው፣ የአንድ ሰው ምስል ናቸው። አንደኛው እንቅስቃሴን ለማገድ ተነሣ፤ ሁለተኛው መንገድ ለመክፈት።

ሥልጠናው ከታሰበለት ጊዜ በፊት ተቋርጦ ማንዴላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ። በ27ቱ የእስር ዓመታት አፓርታይድ ምስላቸው በአገሪቱ እንዳይታተም ከለከለ። ፊት ይህን ያህል እንደሚያስፈራ ከሥርዓቱ የበለጠ የተረዳ አልነበረም። ዓለም በቀድሞ ፎቶግራፎቻቸው ስማቸውን አነሣ፤ ሠዓልያንም ከነዚያው ቀዱ። የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ከእስር ሲወጡ ጸጉራቸው ሸብቶ ነበር፤ አንገታቸው ግን እንደ ቀና ነበር።

አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው ይባላል። ዛሬ ካሜራ በየኪሱ ባለበት ጊዜ እንዴት አምሮ መታየት እንደሚቻል የሚመክር አይጠፋም። አቋቋምንና ብርሃንን ማወቅ ይጠቅማል። ፎቶ አንሺም ሆነ ሠዓሊ ግን «ቀና በል» ከማለቱ በፊት የቆመውን ሰው እንዴት መታየት እንደሚሻ ቢጠይቀው ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። መምህራንም ተማሪዎቻቸው የአያቶቻቸውን ፎቶግራፍ ይዘው እንዲመጡ አድርገው ማን አነሣቸው፣ ልብሱን ማን መረጠ፣ ምስሉ ለማን ተሰጠ ብለው ቢያጠይቋቸው፣ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ የታሪክ ገጽ ይገኛል። ያን ገጽ ያነበበ ልጅ በተራው ከካሜራ ፊት ሲቆም አንገቱን ለማቅናት የሌላ ትእዛዝ አይጠብቅም።