ስስ አየርና ጠንካራ ብረት፦ የሳፋሪ ራሊ ሞተሮች ታሪክ

በናይሮቢ የኪሪንያጋ መንገድ፣ ነባሮቹ ነዋሪዎች እስከ ዛሬ ግሮጋን በሚሉት ሰፈር፣ ከመለዋወጫ ሱቆቹ በአንዱ ደጃፍ ሁለት ወጣት ወገኖቻችን በአማርኛ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው ዕቁብ ደርሶት የመኪናውን ሞተር ጉልበት በእጥፍ ለማሳደግ ቆርጧል። ሱፐርቻርጀር ልግጠም ይላል፤ ጓደኛው ደግሞ የሚያዋጣህ ቱርቦ ነው ብሎ ይሞግተዋል። ያንን ሁሉ ጫና የትኛው ሞኖብሎክ ይሸከመዋል የሚለው ጥያቄማ ገና አልተነሣም ነበር። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ከወጣና ሞተሩ ከፈነዳ የሚመለስ ነገር ስለሌለ ክርክሩ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። እኔም ቆሜ ሳዳምጥ፣ ይኸው ሙግት በዚህችው ከተማ በታላላቅ የመኪና ፋብሪካዎች መካከል ተካሂዶ እልባት ያገኘበት ዘመን ትዝ አለኝ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከአየር እንጀምር። ሞተር የሚኖረው በነዳጅ ብቻ ሳይሆን በአየርም ጭምር ነው። ሞምባሳ በባሕር ጠለል ላይ ስትገኝ ናይሮቢ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ የአየሯም ግፊት በባሕር ዳር ካለው 83 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ሞምባሳ ላይ 300 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ፣ አየር የሚጭንለት መሣሪያ የሌለው ሞተር ናይሮቢ ሲደርስ ወደ 250 ይወርዳል። በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ዳገት፣ ቲምቦሮዋ አካባቢ፣ ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ሲጠጋ ደግሞ 220 ቢቀረው ነው። አዲስ አበባችንም ከናይሮቢ የባሰች ናት፤ ሩብ ያህሉ ጉልበት እዚያ ይቀራል። በሞያሌ በኩል አገሩ የገባ ሾፌር መኪናዬ ደከመችብኝ ቢል አይፈረድበትም።

ለዚህ ችግር መፍትሔው የተገኘው ከሰማይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ በሞተር ጭስ የሚሽከረከር መጭመቂያ አስቦ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1905 ነበር። በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና አስጭኖ 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ወጣ። በቆላው 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በተራራው ላይ 230 ብቻ ሰጠ፤ ቱርቦው ሲገጠምለት ግን 356 አስመዘገበ። ከፍታው የወሰደውን ቱርቦው መለሰው ማለት ነው።

ሱፐርቻርጀርና ቱርቦ ሁለቱም አየር ጨምቀው ወደ ሲሊንደር የሚያስገቡ ቢሆኑም ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከተለያየ ምንጭ ነው። ሱፐርቻርጀር በቺንጋ ወይም በጥርስ ከሞተሩ ጋር ታስሮ ይዞራል፤ ነዳጅ መስጫው እንደተረገጠ ወዲያው ይታዘዛል፤ ይሁን እንጂ የሚዞርበትን ጉልበት ከሞተሩ ላይ ይወስዳል። ፍጥነቱም ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የተቆራኘ በመሆኑ አየሩ ሲሳሳ እሱም የሚያቀርበው ያንኑ የሳሳውን አየር አባዝቶ ነው። በባሕር ዳር አየሩን 1.8 ጊዜ የሚጨምቅ መሣሪያ ናይሮቢ ላይም 1.8 ጊዜ ይጨምቃል፤ ውጤቱ ግን በባሕር ዳር መለኪያ ሲታይ 1.5 ያህል ብቻ ይሆናል። ቱርቦ በአንጻሩ የሚዞረው ተጥሎ በሚሄደው ጭስ ነው። ለጭሱ የተበጀለት መውጫ እስኪከፈት ድረስ በስስ አየር ውስጥ ይበልጥ ፈጥኖ በመሽከርከር የጎደለውን አብዛኛውን ሊያካክስ ይችላል። የዚያን ዘመን ቱርቦ ጉድለቱ መዘግየቱ ነበር፤ ሾፌሩ ረግጦ ጉልበቱን ይጠብቃል፣ ጉልበቱም ሲመጣ እንደ ጎርፍ ይመጣል።

ሳፋሪው በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ንግሥ ክብር ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን አቋርጦ ሲጀመር ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያሸነፉት ሁሉ አየርን በራሳቸው የሚስቡ ሞተሮች ናቸው። ጉልበት ማብዛትም ያን ያህል አያስፈልግም ነበር፤ በ1963ም ሆነ በ1968 ከተነሡት መኪኖች መንገዱን የጨረሱት ሰባት ሰባት ብቻ ናቸውና፣ በሁለቱም ዓመታት ድሉ የፔጆ 404 ሆነ። በ1974 የኬንያው ልጅ ጆጊንደር ሲንግ በ1,600 ሲሲ ሚትሱቢሺ ላንሰር የቢዮርን ቫልደጎርድን ፖርሽ ሁለተኛ ሲያደርግ ናይሮቢ ምን ያህል እንደተደሰተች ሽማግሌዎቹ ዛሬም ያወሩታል።

መጭመቂያዎቹ የተፋጠጡት በ1980ዎቹ ነው። የኢጣሊያው ላንቻ 037 ሱፐርቻርጀር ይዞ ተነሣ። መሐንዲሶቹ ይህን የመረጡት ለአውሮፓ ጠመዝማዛ መንገድ ነበር፤ ምርጫውም አላሳፈራቸውም፤ በ1983 ባለ ቱርቦውን አውዲ ኳትሮን ቀድመው የፋብሪካዎችን የዓለም ዋንጫ ወሰዱ። ቶዮታ በበኩሉ ባለ ቱርቦ ሴሊካ አቀረበ። ሞተሩ በኮሮላና በካሪና ከምናውቀው የ«ቲ» ሞተር ቤተሰብ የተወለደ፣ 2.1 ሊትር፣ ሞኖብሎኩ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ቫልቭ ብቻ ያለው ነው። ላንቻው አራት ነበረው። በወረቀት ላይ የቶዮታው ሞተር ያረጀ ይመስል ነበር። ዳሩ ግን ቫልደጎርድ በ1984፣ ዩሃ ካንኩነን በ1985፣ ቫልደጎርድ እንደገና በ1986 በዚሁ ሴሊካ ሳፋሪውን አሸነፉ። የ1984ቱ ድል በሳፋሪ ታሪክ የመጀመሪያው የቱርቦ ድል ነው። ላንቻ በ1986 ሱፐርቻርጀርና ቱርቦ አንድ ላይ የገጠመ ዴልታ ኤስ 4 የተባለ አዲስ መኪና ነበረው፤ ለአፍሪካ ግን አላመነውምና አሮጌውን 037 ላከ፤ ማርኩ አለን ሦስተኛ ወጣ። 037 ከናይሮቢ ያለ ድል ተሰናበተ።

ላንቻን የረታው ስስ አየር ብቻ ነው ማለት ግን ሚዛን ማጓደል ይሆናል። የቶዮታን ቡድን ይመራ የነበረው ኡቭ አንደርሾን ራሱ በ1975 በፔጆ 504 ሳፋሪውን ያሸነፈ ሰው ነበር፤ መንገዱን፣ አቧራውንና ጭቃውን ከነጠባዩ ያውቀዋል። ይሁንና ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለጥያቄያችን የበለጠ ብርሃን ይሰጣል። የ037 ሞተር አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ለፊያት ከነደፈው ባለ ብረት ሞኖብሎክ ቤተሰብ የተገኘ ነው። ያን ዓይነት ኃይለኛ መኪና ከ1986 መጨረሻ ጀምሮ ከተከለከለ በኋላ ላንቻ ከዚያው ቤተሰብ ሞተር አንሥቶ፣ ሱፐርቻርጀሩን ትቶ፣ በቱርቦ ዴልታ ኢንቴግራሌን ሠራ። ሚኪ ቢያዚዮን በ1988ና በ1989፣ ካንኩነን በ1991 በዚያ መኪና አሸነፉ። የብረቱ ዘር ያው ነው፤ የተለወጠው የአየር መጭመቂያው ነበር። እርግጥ አዲሱ መኪና አራቱንም ጎማ የሚነዳ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ በ1987 አውዲ 200 ለባለ አራት ጎማ ድራይቭ የመጀመሪያውን የሳፋሪ ድል አስገኝቷልና።

ብረት ለምን? ቱርቦ ሲጭን በሲሊንደሩ ውስጥ ግፊቱም ሙቀቱም ይበዛል። አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ ሙቀትንም ቶሎ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ከብረት ይልቅ በሙቀት ይለጠጣል፣ ራዲያተሩ በጭቃ ተደፍኖ ሞተሩ አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ከጋለም ይጣመማል። ያን ጊዜ ጓርኒሲዮኑ ይሄዳል፣ ውኃና ዘይት ይቀላቀላል፣ ጉዞውም እዚያው ያበቃል። ብረት ኪሎው ይከብዳል እንጂ ይህን ይታገሣል።

የሱባሩ ወዳጆች እዚህ ላይ እንደሚቆጡ አውቃለሁ፤ በናይሮቢ ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ኮሊን ማክሬ በ1997፣ ሪቻርድ በርንስ በ2000 ያሸነፉበት የሱባሩ ሞተር ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም ነበር። እውነት ነው። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ሕጉ በቱርቦው አፍ ላይ 34 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ማነቆ አስገድዶ ጉልበቱን ወደ 300 አካባቢ ወስኖት ነበር። አየሩ ከተለካ ብረቱም ሊለካ ይችላል። በኪሪንያጋ መንገድ ግን ማነቆ የሚያስገባ ሕግ የለም፤ ወጣቱ የሚፈልገውም 300 አልነበረም።

ይህን ሁሉ ለሁለቱ ወጣቶች አላወራኋቸውም፤ ጊዜም ድፍረትም አልነበረኝም። በማግስቱ ሳምንት ሳልፍ ግን ባለ ዕቁቡን እዚያው ጋራዥ አገኘሁት። የሱፐርቻርጀሩን ነገር ትቶት ነበር። መሬት ላይ፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ የቶዮታ 3ኤስ ሞኖብሎክ ተቀምጧል፤ በ1990፣ ከዚያም ከ1992 እስከ 1995 ያለማቋረጥ ሳፋሪውን ካሸነፈው ከሴሊካ ጂቲ ፎር ጋር አንድ ዘር የሆነ ባለ ብረት ሞተር ነው። መካኒኩ ተንበርክኮ የሲሊንደሮቹን ስፋት ይለካል። ቱርቦውስ አልኩት። «እሱን በሚቀጥለው ዕቁብ» አለኝ።